ኬብሉን ንቀሉለት እንጂ ኤክስፒን አትጣሉት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁን ቅዳሜ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ አደባባይ አካባቢ እያዞረ ከሚሸጥ ልጅ ነው የምገዛው፣ አንብቤ ስጨርስ ሱቄ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ኮፒ ለማስነሳት ወረፋ የሚጠብቅ ሁሉ ያነበዋል፣ ስለዚ ለኔ አንድ ሸጥን ብላችሁ አትቁጠሩት። ደብዳቤ ጽፌላችሁ አላውቅም። አሁን ያስጻፈኝ በቅርቡ በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ስለ አሮጌ ዊንዶውስ የወጣው ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አልቋል፣ ቀይሩ አለ፣ እሺ፣ ልክ ነው። ቀጥሎ ግን ኤክስፒ የሚባለው የድሮው ዊንዶውስ ያለበት ኮምፒውተር ቤቱ ያለ ሰው ዛሬ ነገ ሳይል ለቆራሌው ይስጠው ብሎ ደመደመ። እዚህ ጋ ነው የተጣላነው።

እኔ የኮምፒውተር ምሁር አይደለሁም። ሥራዬ ጽሕፈት፣ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ አልፎ አልፎ ስቲከር ነው፣ በ1996 ቄራ ጀምሬ ሰፈሩ ሲፈርስ እዚህ ኮንዶሚኒየም ሥር ገባሁ። ከቄራ ስመጣ ይዣት የመጣሁት አንዲት ፔንቲየም 4 አለች፣ 40 ጊጋ ዲስክ፣ 512 ሜጋ ራም፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ። አቧራ እንዳይገባባት ሸራ አልብሼ ጥግ ላይ አስቀምጫት በወር አንዴ ስቲከር መቁረጫው ሲፈለግ ብቻ ነበር የምትበራው። ልጆቹ "ጋሼ ይቺ ሙዚየም ትግባ" ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ።

ባለፈው ህዳር ግን አንዲት እናት መጡ። ቄራ ጎረቤቴ ነበሩ፣ አሁን እዚሁ ብሎክ ማዶ ነው ያሉት። ባለቤታቸው አርፈዋል፣ አርባ እንኳ አልወጣላቸውም። እድራቸው የድሮው የቄራው እድር ነው፣ ሰው ቤቱን ለቆ ይመጣል እንጂ እድሩን ጥሎ አይመጣም፣ ይሄን የማያውቅ የለም። አዲሱ ኮሚቴ ታዲያ ባለቤትዎ አባል የሆኑት በ2005 ነው፣ ስለዚ የሚከፈልዎት የአዲስ አባል ልክ ነው አላቸው። ሴትዮዋ "እኛ ከሚሊኒየሙ በፊት ነው የገባነው፣ ድንኳኑ ሲገዛ መዋጮ ከፍለናል" ይላሉ። መዝገቡ የታለ ቢባል የእድሩ ቤት በሰፈር ፈረሳው ጊዜ ውሃ ገብቶበት ግማሹ ገጽ ተጣብቋል። እናም እንዲህ አሉኝ፣ "ልጄ፣ ያን ጊዜ ዝርዝሩን የጻፍከው አንተ አይደለህም እንዴ?"

እኔ ነኝ። አስታወስኩ፣ በ1999 መጨረሻ፣ ለሚሊኒየሙ ተብሎ እድሩ ደንቡን በመጽሐፍ መልክ አሳተመ፣ ከኋላው የአባላት ስም ዝርዝር ነበረው። ደንቡን በፔጅሜከር፣ ያኔ መጽሐፍና ካርድ በምናዘጋጅበት የገጽ ማሰናጃ ፕሮግራም፣ ነው የሠራሁት፣ ዝርዝሩን ደሞ እኔ ጋ ይሠራ የነበረ አንድ ጎበዝ ልጅ አክሰስ 97 የሚባል የመዝገብ መያዣ ፕሮግራም ላይ አስገብቶት ነበር፣ ስም፣ የገባበት ቀን፣ የቤት ቁጥር፣ የቤተሰብ ብዛት። ሸራውን ገልጬ ማብሪያውን ስጫን ማሽኗ ጭጭ።

ከፈትኳት። ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ በርሜሎች፣ አናታቸው ልክ እንደተቀቀለ ሽንብራ አብጦ፣ ሁለቱ ደሞ ፈንድተው ቡናማ ነገር ደርቆባቸዋል። በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች በዚሁ ነው ያለቁት። አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኳት፣ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ሰውየው ብዙም ሳያይ "ዲስኩን ፎርማት አድርጌ ለአዲሱ ኮምፒውተርህ እንደ ስቶሬጅ ልግጠምልህ?" አለኝ። ፎርማት! እጁ ላይ ያለው የአንድ ሰፈር ሰው ስም እኮ ነው። ነጥቄው ወጣሁ ማለት ይቻላል።

የእህቴ ልጅ ቂሊንጦ ያለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው፣ ቅዳሜ እኔ ጋ ይሠራል። ዲስኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ነገሩን ነገርኩት። "ጋሼ ማሽኗ ብትሞትም ነፍሷ ዲስኩ ላይ አለች" ብሎኝ ሄዶ አይዲኢን፣ የድሮ ዲስኮችን መሰኪያ ማለት ነው፣ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር ኬብል ይዞ መጣ፣ ኬብሉ የራሱ የኤሌክትሪክ መሰኪያ አለው፣ የድሮዎቹ ትልልቅ ዲስኮች በዩኤስቢ ጉልበት ብቻ አይዞሩማ። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ከሚሠራበት የራሱ ላፕቶፕ ላይ ሆኖ ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ባዶውን ቦታ ሳይቀር፣ አንድ ትልቅ ፋይል አድርጎ መቅዳት ጀመረ። ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል አለኝ። ሃምሳ ደቂቃ ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ዲስኩ ግን ግድግዳ ላይ ነበር የተሰካው፣ ጢ... ብሎ ድምፁ ቀስ እያለ ሲሞት ሁለታችንም ተያየን። በማግስቱ ከጎረቤት ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚያቆይ ባትሪ) ተውሰን ከዜሮ ጀመርን፣ ወጣ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የቀዳነውን ፋይል እኔ ላፕቶፕ ላይ ቨርቹዋልቦክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ውስጥ አስገባው። ጸሐፊያችሁ ይሄን ነገር ጭራሽ አላነሳውም፣ እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። ለማያውቀው አንባቢ እኔ እንዲህ ነው የምገልጸው፦ ግቢ ውስጥ ከኋላ ያለች ሰርቪስ ቤት አስቡ። ተከራዩ የራሱ በር አለው፣ የራሱ አልጋ፣ የራሱ ቁልፍ፣ ቤቴ ይላታል። ቆጣሪው ግን ያለው ባለቤቱ ጋ ነው፣ የግቢው በር ቁልፍም እንደዚሁ። ቨርቹዋል ማሽን ማለት ይሄ ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ባለግቢ ነው፣ ኤክስፒው ተከራይ። ኤክስፒው ዲስክ አለኝ ይላል፣ እሱ ዲስክ የሚለው በእኔ ላፕቶፕ ላይ አንድ ፋይል ነው። ራም አለኝ ይላል፣ ከ8 ጊጋዬ ላይ ቆንጥሬ የሰጠሁት 512 ሜጋ ነው፣ እሱ ራሱ ድሮ ሲወጣ ቢያንስ 64 ሜጋ ካገኘሁ እነሳለሁ ይል ስለነበር በ512 ሰርገኛ ነው። ኔትወርክ ደሞ እኔ ከሰጠሁት አለው፣ ካልሰጠሁት የለውም። ይቺን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሐሳቡ ትናንት የመጣ አይደለም፣ አይቢኤም ለትልልቆቹ ማሽኖቹ ቪኤም 370 የተባለውን ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፣ አንዱን ትልቅ ኮምፒውተር ለብዙ ሰው እየከፋፈሉ እያንዳንዱ የራሱ ያለው እንዲመስለው ማድረግ። እኛ ሰፈር እስኪደርስ ግን ጊዜ ወሰደ እንጂ።

የመጀመሪያው ቀን እንዳሰብነው አልሄደም። ኤክስፒው ሊነሳ ሲል ሰማያዊ ስክሪን፣ በ7ቢ የሚያልቅ ኮድ። ልጁ እንዳስረዳኝ ተከራዩ ከእንቅልፉ ሲነሳ ቤቱ ተቀይሮበታል፣ ዲስኩን የሚያገናኘው ቺፕ ድሮ የሚያውቀው አይደለም፣ ለአዲሱ የሚሆን ሾፌር፣ ከዕቃው ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ስላላዘጋጀ የራሱን ዲስክ ማግኘት አቃተው። አንድ ዘመዴ ከውጭ ያመጣልኝ የኤክስፒ ሲዲ ነበረኝ፣ በሱ ሪፔር አደረግነው። (በነገራችን ላይ ከኮምፒውተር ጋር አብሮ የተሸጠ ኤክስፒ ላይሰንሱ ከዚያው ማሽን ጋር የታሰረ ነው፣ ሃርድዌሩ ሲቀየርበትም አክቲቬት አድርጉኝ ይላል፣ ከመጀመራችሁ በፊት የራሳችሁን እዩ።) ቀጥሎ በጣም ቀርፋፋ ሆነ፣ ማውሱን ስታንቀሳቅሱት ቆይቶ ነው የሚከተለው። ከመስኮቱ ሥር ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ኤሊ አለች፣ እኔ ጌጥ መስላኝ ነበር። ለካ ምልክት ናት። አዲሱ ዊንዶውስ ራሱ ሃይፐርቪ የሚባለውን የራሱን ቨርቹዋል ነገር ከሥር አብርቶ ፕሮሰሰሩን ይዞበታል፣ ቨርቹዋልቦክስ ደሞ በሱ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚሠራው፣ ኤሊዋ የምትመጣው ያኔ ነው። ልጁ ሃይፐርቪን አጠፋ፣ ሪስታርት፣ ኤሊዋ ሄደች። እናንተም ጋ ከመጣች ኮምፒውተራችሁን አትስደቡት። ሌላም አለ፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለው ከጠፋ ጭራሽ አይነሳም፣ ያገለገሉ ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ያ አረንጓዴ ኮረብታና ሰማያዊ ሰማይ መጣ፣ የመክፈቻዋ ዜማ ከላፕቶፑ ስፒከር ስትወጣ ኮፒ የሚያስነሱ ሁለት ሰዎች ዞረው አዩኝ፣ አንዱ "እንዴ ይሄ የኮሌጅ ዘመኔ ነው" አለ። ዴስክቶፑ ላይ በ2003 ያስቀመጥኩት የልጄ ልደት ካርድ እንዳለ ቁጭ ብሏል።

አሁን አንዳንድ አንባቢ ይሄን ሁሉ ድካም ለምን፣ ፎንቱን አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ጭነህ ፋይሉን አትከፍተውም ይለኛል። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው፣ ለወርድ ፋይሎች ይሠራል፣ አልዋሽም። አክሰስ 97ን ግን ከ2013ቱ ጀምሮ ያሉት አክሰሶች አይከፍቱትም፣ በድሮ ቨርዥን የተሠራ ነው ብለው ይመልሱታል። ፔጅሜከርም የመጨረሻው 7 ቁጥሩ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ አልወለደም። ይሄ አገር ውስጥ በዚያ ዘመን በፔጅሜከር ያልተሠራ የሠርግ ካርድ፣ የማኅበር ደንብ፣ የትምህርት ቤት መጽሔት ስንት አለ? እኔ ብቻዬን የሠራሁት ራሱ ዲስኩን ሞልቶታል።

ፊደሉ ደሞ ሌላ ጉድ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር የሚሰጥ ስምምነት) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ዊንዶውስ ራሱ ኒያላ የሚባለውን የኛን ፎንት ይዞ የመጣው ግን ከቪስታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እስከዚያ ድረስ እኛ ጽሕፈት ቤቶች የምንሠራው ለፈረንጅ ፊደል በተቀመጠው ቦታ ላይ የኛን ሥዕል በለጠፉ ፎንቶች ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ከ256 ያልበለጠ ቦታ ነው፣ የኛ ፊደል 33ቱ በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፣ እነ ቧንና ኳን፣ ቁጥርንና ነጥብን ጨምሩበት፣ የት ይበቃል። ስለዚ አንዱ ፎንት ፊደሉን ለሁለት ፋይል ይከፍለዋል፣ ሌላው ደሞ ግዕዙን ለብቻ ቅጥያውን ለብቻ አድርጎ ያገጣጥመዋል። ፎንቱ ሲጠፋ የሚቀረው አክሰንት የተደፋበት የፈረንጅ ፊደል፣ ቅንፍና የዶላር ምልክት ነው። ሰው "ፋይሉን ቫይረስ በላው" ብሎ ዲሊት ያደርገዋል፣ ምንም አልበላውም፣ ሥዕሉ ነው የጠፋበት።

ኤክስፒው ውስጥ ግን ፎንቱም፣ ኪቦርዱም፣ አክሰሱም፣ ፔጅሜከሩም በ1999 እንደነበሩበት ናቸው። አክሰሱን ከፈትኩ። የባለቤታቸውን ስም ፈለግኩ። አለ። የገባበት ቀን የካቲት 1999፣ የቤተሰብ ብዛት 6፣ በማስታወሻው ቦታ ላይ ደሞ ያ ጎበዝ ልጅ "የድንኳን መዋጮ ከፍሏል" ብሎ ጽፎበታል። ሴትዮዋ ጎን ወንበር ላይ ነበሩ፣ መነጽራቸውን አውጥተው ስክሪኑ ላይ ተጠግተው ስሙን በጣታቸው ነኩት። ምንም አላሉም።

ፕሪንት ማድረጉም ብልሃት ይፈልጋል። የዛሬው ፕሪንተሬ ለኤክስፒ የሚሆን ሾፌር የለውም። ስለዚ ኤክስፒው ውስጥ ፒዲኤፍ የሚያወጣ ፕሪንተር ጭነን፣ ፒዲኤፉን በጋራ ፎልደር ወደ አዲሱ አውጥተን ነው ያተምነው። ፒዲኤፉ ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ ለዓይን ልክ ነው፣ ኮፒ አድርጋችሁ ወርድ ላይ ብትለጥፉት ግን ያው የፈረንጅ ጉድ ነው የሚወጣው። ወደ ዩኒኮድ ለመቀየር መቀየሪያ ፕሮግራም ተጠቀምን፣ የመጀመሪያው ሙከራ ቅጥያዎቹን በሙሉ ጥሏቸው አረፈ፣ ሙሉጌታ የተባሉ ሰውዬ "መለገተ" ሆኑ፣ ቦጋለ "በገለ"። ልጆቹ ሁለት ቀን ሙሉ በዚህ ሳቁ፣ አሁንም አንዱን ሠራተኛዬን መለገተ ነው የሚሉት። ሁለተኛው የተሻለ ሆነ፣ ያም ሆኖ ከ300 በላይ ስም አንድ በአንድ በዓይን መታየት ነበረበት። ለዚህ ማሽን የለም፣ ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

እዚህ ጋ የሠራሁትን ጅልነት ልናገር። ስናፕሾት የሚባል ነገር አለ፣ ቨርቹዋል ማሽኑን አሁን ባለበት ሁኔታ ፎቶ እንደማንሳት ነው፣ ነገ አንድ ነገር ቢበላሽ ወደዚያች ደቂቃ ይመልሳችኋል። እኔ ደስ ብሎኝ ስናፕሾት ካለ ባክአፕ ምን ያደርግልኛል አልኩ። ከዚያ እዚያው ኤክስፒው ውስጥ ሆኜ ከሰዓት ሙሉ ከመዝገቡ የተረፉትን ገጾች እያየሁ ወደ 60 የሚሆን ስም አስተካከልኩ። ማታ አንድ ፕሮግራም ስጭን ነገሩ ተበላሸ፣ ስናፕሾቱን መለስኩ፣ ተስተካከለ! ጠዋት ስከፍተው 60ዎቹ ስሞች የሉም። ወደ ትናንት ጠዋት ነው የተመለሰው እኮ፣ ሥራዬም አብሮ ወደ ትናንት ሄዷል። ስለዚ ምክሬ፣ የሠራችሁትን ወዲያው ወደ ውጭ አውጡት፣ ማሽኑን እንዳለ ደሞ ዘግታችሁ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ኮፒ አድርጉ፣ ያ ነው ባክአፕ።

አሁን ወደ ኔትወርኩ። ጸሐፊያችሁ እውነቱን የተናገረው እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚ ላከብረው እፈልጋለሁ። ኤክስፒ ገበያ ላይ የወጣው ጥቅምት 15 ቀን 1994 ዓ.ም. ነው፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.። ከዚያ ወዲህ የሚገኝበት ቀዳዳ ሁሉ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል፣ የሚደፍነው የለም። በግንቦት 2009 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ሲያዞር፣ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሲሰርዙ፣ ማይክሮሶፍት ከደንቡ ወጥቶ ለሞተው ኤክስፒ መድኃኒት አወጣ። የሚገርመው በብዛት የተያዙት ኤክስፒዎች ሳይሆኑ ዊንዶውስ ሰቨኖች ነበሩ፣ ለነሱ መድኃኒቱ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፣ ሰዉ አልጫነውም እንጂ። ይሄን ስል ኤክስፒ ደህና ነው ማለቴ አይደለም፣ አዲስ የሚባለውም አፕዴት ካልተደረገ ያው ነው ለማለት ነው።

ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ስለገባ ቫይረስ አይነካውም የሚል ሰው አለ፣ እኔም ሰፈር ውስጥ ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። ውስጥ ያለው ኤክስፒ ያው ኤክስፒ ነው፣ ጥርሱ እንደረገፈ ነው። ልዩነቱ የግቢው በር ቁልፍ እናንተ ጋ መሆኑ ነው። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ቀን ብሪጅድ በሚለው አገናኝቶት ነበር፣ በዚህ አሠራር ኤክስፒው ከሱቁ ዋይፋይ የራሱን አድራሻ ይወስዳል፣ ላፕቶፕ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች ሁሉ አንድ ሰፈር ውስጥ አብረውት ናቸው ማለት ነው፣ ከነሱ አንዱ የታመመ ቢሆን አለቀ። ናት (NAT) የሚለው አገናኝ ትንሽ ይሻላል፣ ከውጭ ዝም ብሎ የሚያንኳኳ አይደርስበትም፣ እሱ ራሱ ወጥቶ የሚያመጣውን ግን አይከለክልም። ደሞስ ወጥቶ ምን ሊያይ? የኤክስፒው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ቁጥር 8 ነው የመጨረሻው፣ የዛሬ ድረገጾች የሚጠይቁትን የምስጠራ አነጋገር አያውቅም፣ ገጹ ሊታይ አይችልም ብሎ ነው የሚመልሳችሁ። እሱ ማንንም አያይም፣ እሱን ግን ያዩታል።

ስለዚ እኔ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የኔትወርክ ካርዱን ምልክት አነሳሁበት። አለቀ። ካርድ አልባ ኮምፒውተር ነው አሁን። ፍላሽም አላስነካውም፣ በኤክስፒ ዘመን የነበረ ሰው ያስታውሳል፣ ፍላሹን ስትሰኩት ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው የሚወጡበትን፣ አውቶራን የሚባለውን መዓት። የጋራ ፎልደሩም አንድ ብቻ ነው፣ ባዶ አድርጌ ነው የምይዘው፣ ፋይል ስፈልግ አስገባና አወጣለሁ። ዶክመንቶቼ ሁሉ ያሉበትን ፎልደር ሼር ያደረገ ሰው አጥሩን ሠርቶ በሩን ገንጥሎ እንደተኛ ነው። እዚያ ውስጥ ኢሜይል፣ ቴሌግራም፣ የባንክ ነገር፣ በጭራሽ።

ሌላ ሰው ጋም አይቻለሁ። ፎቅ ላይ ያለ የሒሳብ ባለሙያ ጎረቤቴ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የተሠራ የደንበኞቹ የድሮ ሒሳብ አለው፣ ፒችትሪ ሴጅ 50 ከተባለ 10 ዓመት አልፎታል፣ እዚህ አገር ግን የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ እስካሁን ፒችትሪ የሚችል ነው የሚለው። ይሄ ሰው የድሮውን ለማየት ብሎ ያንኑ አሮጌ ኮምፒውተር ከቢሮው ኔትወርክ ጋር አገናኝቶ ቀኑን ሙሉ ያበራዋል፣ ኢሜይሉንም እዚያው ነው የሚከፍተው። ስንት ጊዜ ነገርኩት። "አንተ ራስህ ኤክስፒ ትጠቀም የለም እንዴ" ብሎ ዘጋኝ። ጸሐፊያችሁ መጻፍ የነበረበት ለዚህ ሰው ነበር፣ ጣለው ቢሉት አይጥለውም፣ ሥራው ነዋ፣ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አስገባውና የኔትወርክ ኬብሉን ንቀልለት ቢሉት ግን ምናልባት ይሰማ ነበር። ጣሉ የሚለው ምክር ሰሚ የሚያጣው የሚጣል ነገር ላይ ስላልሆነ ነው።

ስቲከር መቁረጫዋም ትንሽ አስቸግራን ነበር፣ በድሮው ባለ ዘጠኝ እግር ሲሪያል ፖርት ነው የምትገናኘው፣ ላፕቶፕ ላይ ይሄ የለም፣ ከዩኤስቢ የሚቀይር ኬብል ገዝተን ለኤክስፒው አሳለፍንለት፣ ትቆርጣለች። አንዳንዴ መሀል ላይ ትቆማለች፣ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልደረስንበትም።

እድሩ ዝርዝሩን ተቀበለ። መጀመሪያ ጸሐፊው "ይሄን ዛሬ አንተ ጽፈህ ያመጣኸው ላለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ?" አሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ላፕቶፑን እሁድ ስብሰባ ላይ ይዤ ሄድኩ፣ ፋይሉን ከነቀኑ አሳየኋቸው፣ ቀን ደሞ መቀየር ይቻላል አለ አንድ ወጣት፣ እሱም እውነቱን ነው። ያስማማቸው ሌላ ነገር ነው፣ ከተጣበቁት የመዝገብ ገጾች መሀል ሊላቀቁ ከቻሉት 11 ስሞች ጋር አመሳከሩት፣ አስራ አንዱም ቀን በቀን ገጠመ፣ እንዲያውም አንዱ ስም ላይ የተሠራው የፊደል ስህተት ሁለቱም ጋ አንድ ነው። ዳኛው ሳቁና "በቃ" አሉ። የሴትዮዋ ገንዘብ ባለፈው ወር ተከፈለ። አሁን ደሞ የሌሎች ሦስት እድሮችና የአንድ ማኅበር ሰዎች ዲስክ በፌስታል ጠቅልለው እያመጡልኝ ነው፣ አንደኛው ዲስክ ሲሰካ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ብቻ ነው የሚለው፣ ያ መዳኑን እንጃ። ከሁለት ዓመት በፊት ቢመጣ ኖሮ አልኩ በልቤ።

ለጸሐፊው ሰላም በሉልኝ። ደሞ እናንተም ጋ፣ የጋዜጣችሁን የድሮ ዕትሞች በፔጅሜከር ሠርታችሁ ሸራ ለብሶ ጥግ የተቀመጠ ፔንቲየም ካለ ቆራሌው ሳይመጣ ዲስኩን ንቀሉና አስቀምጡት። አይዲኢ ወደ ዩኤስቢ የሚቀይረውን ኬብል እኔ አውሳችኋለሁ፣ ዩፒኤስ ግን የራሳችሁን አምጡ።

ከአክብሮት ጋር
የጽሕፈትና ኮፒ ሱቅ ባለቤት፣ ከቱሉ ዲምቱ